ሳጥን ሆኖ የሚደርሰው ፊደል

ጥያቄ፦ «በጉራጌ ዞን የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሽማግሌዎች የሚያወሩትን ተረት ሰብስቤ በቸሃ ለልጆች መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሉ በትክክል ይታያል። ለማተሚያ ቤት ስልከው ግን አንዳንዱ ባዶ ሳጥን፣ አንዳንዱ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሰ። ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ወጣት ‹ብዙ የማትጠቀሙበትን ዐ መርጬ በእሱ ቦታ የእናንተን ፊደል እሥልላችኋለሁ› ብሎኛል። ልቀበለው? ለመሆኑ ኮምፒውተር ፊደልን የሚለየው እንዴት ነው? ለእኛ ፊደላት ቦታ የሚሰጠውስ ማን ነው?»

መልስ፦

መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሜ የወጣቱን ሐሳብ እንዳይቀበሉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ለመርዳት ብሎ እንደሆነ አያጠራጥርም። ሥራውም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ መጽሐፉም ታትሞ ሲወጣ ያምር ይሆናል። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ሁለተኛውን ጥያቄዎን ማስቀደም ይኖርብኛል።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እርስዎ ሀን ሲጽፉ ማሽኑ የሚያስቀምጠው 4608 የሚል ቁጥር ነው። ለ 4616 ነው፣ መ ደግሞ 4632። «ጉራጌ» ብለው ሲጽፉ ፋይሉ ውስጥ ያለው 4873፣ 4651፣ 4876 ብቻ ነው። ሥዕል የለም፣ ድምፅ የለም፣ የፊደል ቅርጽ የለም። ቅርጹ የሚመጣው ጽሑፉ በሚታይበት ሰዓት ነው፤ ፎንት የምንለው ለእያንዳንዱ ቁጥር ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚቀርብ የተመዘገበበት ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ 4873ን ያነብና ፎንቱን «የዚህ ቁጥር ሥዕል አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለው ጉ ትታያለች። ከሌለው ባዶ ሳጥን ይሥላል። ለእርስዎ የደረሰው ሳጥን ይህ ነው።

ቁጥሮቹን እዚህ የጻፍኳቸው በተለመደው አቆጣጠር ነው። በኦፊሴላዊው ሰንጠረዥ የሚያገኟቸው አሥራ ስድስትን መሠረት ባደረገ አቆጣጠር ስለሆነ ሀ እዚያ 1200 ተብላ ትገኛለች። ቁጥሩ ያው አንድ ነው፣ አጻጻፉ ነው የተለየው።

ሰንጠረዡ ዩኒኮድ ይባላል። የሚያስተዳድረው የዩኒኮድ ኅብረት በ1991 (በዚህ መልስ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ከሚያወጣው ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ጋር እኩል እየሄደ ይሠራል። ዛሬ ከ150 ሺህ በላይ ምልክቶች ቁጥራቸው ታውቆ ተመዝግበዋል። የግዕዝ ፊደል የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ሲሆን በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ነበሩት።

አደራደሩን ላሳይዎት፣ ምክንያቱም ሀሁን ያስተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት፣ ስምንተኛው ደግሞ እንደ ሏ እና ሟ ላሉት። ረድፉ ሁልጊዜ ለስምንት በሚካፈል ቁጥር ስለሚጀምር፣ ቁጥሩን ለስምንት አካፍለው ቀሪውን ቢያዩ ፊደሉ ስንተኛው እንደሆነ ይታወቃል። የጉ 4873 ለስምንት ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ካዕብ። የራ 4651 ቀሪው 3 ነው፤ ራብዕ። የጌ 4876 ቀሪው 4 ነው፤ ኀምስ። ከቀ ረድፍ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ይመልከቱ፦ ቈ 4680 ላይ ተቀምጣለች፣ 4681 ባዶ ነው፣ ከዚያ ቊ 4682 ላይ ትመጣለች። ቈ ካዕብ ስለሌላት ወንበሩ ባዶውን ተትቷል። እኔ ይህን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ያየሁ ቀን የቄስ ትምህርት ቤቱ የፊደል ገበታ ቁጥር ተጽፎበት ተመልሶ የመጣ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ የእርስዎን ቋንቋ በቀጥታ የሚነካ አንድ ውሳኔ አለ። የሕንድ ፊደላት ሲመዘገቡ ተናባቢው ለብቻው፣ የአናባቢው ምልክት ለብቻው ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሁለቱን ማጋጠም ለፎንቱ ተተወለት። ለግዕዝ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሙሉውን አንድ ቁጥር ተሰጠው። በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር ሮን ቢመለከቱ ቅርጹ በአንድ ሕግ የሚገዛ አይደለም፤ ፊደል የሚቆጥር ሕፃንም ሩን እንደ አንድ ፊደል ነው የሚያውቃት እንጂ እንደ ረ እና ቅጥያ አይደለም። ዋጋውን የከፈሉት ግን አነስተኛ ቋንቋዎች ናቸው። አንድ አዲስ ተናባቢ ያለው ቋንቋ አንድ ቁጥር ጠይቆ አይበቃውም፤ ሰባት ቁጥር መጠየቅ አለበት፣ ለሰባቱም በጽሑፍ ላይ እንደዋሉ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በሕንድ ዘዴ ቢሆን ኖሮ አንድ የማለስለሻና አንድ የከንፈር ምልክት ብቻ በበቃ ነበር።

ቸሃን የሚያካትቱት የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች ደግሞ በእነዚህ የማለስለሻና የከንፈር ፊደላት የሚጠቀሙት ለጌጥ አይደለም። ይህን ለማያውቁ አንባቢዎች ጭምር ስለሆነ የምጽፈው በሦስት ቃላት ላሳይ፤ የመጨረሻውን ምዕላድ ትቼ ግንዱን ብቻ እወስዳለሁ። በቸሃ «ነከሰ» እንደ አማርኛው ነከሰ ነው። «ነከሰው» ለማለት ግን ቸሃ መጨረሻ ላይ ው አይጨምርም፤ ከንፈርን አሹሎ «ነኰሰ» ይላል። «መሰረ» ማለት መሰለ ማለት ነው፤ «መሰለው» ደግሞ «ᎀሰረ» ነው። «ከፈተ» የሚለው «ከፈተው» ሲሆን «ከᎈተ» ይሆናል። ምልክቱ ከቃሉ መጨረሻ ተነሥቶ፣ ከንፈር ማሾል የሚቀበል ድምፅ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ፊት ለፊት ይገሠግሣል፤ ስ፣ ር፣ ት አይቀበሉትም፤ ክ፣ ም፣ ፍ ይቀበሉታል። ለዚህ ነው በአንዱ ቃል መካከል፣ በሌላው መጀመሪያ ላይ የሚያርፈው።

አሁን ዕድላቸውን ያወዳድሩ። ኰ ግዕዝ ከጥንት ጀምሮ ያላት ፊደል ስለሆነች በ1999 ከዋናዎቹ ጋር 4784 ላይ ገባች። ᎀ እና ᎈ ግን ግዕዝም አማርኛም የማይጠቀሙባቸው ስለሆኑ ስድስት ዓመት ጠበቁ። ሕጉ አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ «ነከሰው» በኮምፒውተር ሲጻፍ «መሰለው» አይጻፍም ነበር። ስለዚህ እነዚህን ፊደላት «ተጨማሪ» ብሎ መጥራት አልወድም። ፊደሏ ስትጠፋ የሚጠፋው «እሱን» የሚለው ተውላጠ ስም ነው፤ ተረቱ ውስጥ ጅቡ ማንን እንደነከሰ ልጁ አያውቅም።

ለስላሳዎቹም እንዲሁ ናቸው። አማርኛ ለወንድ «ውሰድ»፣ ለሴት «ውሰጂ» ሲል ድ ወደ ጅ ትለሰልሳለች፤ አማርኛ ለዚህ የሚሆን ጀ ስላላት ችግር የለም። በቸሃ ግን ቅ፣ ክ፣ ግ እና ኽም ይለሰልሳሉ። ለእነሱ ነው ⷀ፣ ⷈ፣ ⷘ እና ⷐ የተፈጠሩት።

ወደ ቁጥሩ ስመለስ፣ በ2005 በወጣው የዩኒኮድ ዕትም ሁለት አዲስ ክፍሎች ተጨመሩ። በአንደኛው፣ ከ4992 ጀምሮ፣ «ሰባት ቤት» በሚል ርእስ ሥር 16 ፊደላት ገቡ፤ ለም፣ ለብ፣ ለፍ እና ለፕ አራት አራት። እዚያው ጎን የማሕሌት ምልክቶቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ እና ድፋት ከወንድሞቻቸው ጋር አሉ፤ የዜማ ሊቃውንትና የጉራጌ መምህራን በአንድ ጠባብ ክፍል ጎረቤት ሆነዋል። በሁለተኛው ክፍል ከ11712 ጀምሮ አራቱ ለስላሳዎች ከነሙሉ ቤታቸው ተቀመጡ፦ ⷀ 11712፣ ⷈ 11720፣ ⷐ 11728፣ ⷘ 11736። ሁሉም ለስምንት ይካፈላሉ። በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶ እና ለጉሙዝ የሚሆኑ 32 ፊደላት ተከተሉ። በ2021 ደግሞ እንደገና ለጉራጌ 28 ገቡ። ባጠቃላይ ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ 523 የግዕዝ ምልክቶች አሉ።

«2005 ላይ ከገቡ 2021 ላይ ለምን እንደገና?» ይሉኝ ይሆናል፤ ለመጽሐፍዎ ወሳኝ ነውና ልቆይበት። የጉራጌ አጻጻፍ ሲከለስ የአንዳንዶቹ ቅርጽ ተለወጠ፤ በሐ ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ ቤቶችም መጡ። በዩኒኮድ ደግሞ የማይጣስ ሕግ አለ፦ አንድ ቁጥር ለአንድ ፊደል ከተሰጠ አይነጠቅም፣ አይዛወርም፣ የተመዘገበበት ስምም አይለወጥም። በዚያ ቁጥር የተጻፈ መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ የልደት መዝገብ የሆነ ቦታ ተቀምጧልና። ስለዚህ በ2005 የገባው ከንፈር የሚያሾለው የም ሣልስ በቦታው ቆየ፣ «ጉራጌ» የሚል የም ሣልስ በአዲስ ቁጥር ተጨመረ። ሁለቱ ለኮምፒውተር ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ግማሹን ምዕራፍ በአንደኛው፣ ግማሹን በሌላው ቢጽፉ ዓይን ላያስተውለው ይችላል፤ አንድ ቃል ሲፈልጉ ግን ግማሹን ብቻ ያገኛሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት በአካባቢዎ የመማሪያ መጻሕፍት የሚታተሙበት አጻጻፍ የትኛው እንደሆነ ለይተው፣ በእሱ ብቻ ይጽኑ።

አሁን ወደ ሳጥኑና ወደ ጥያቄ ምልክቱ። ሁለቱን አንድ ዓይነት ችግር አድርጎ ማየት የተለመደ ነው፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሳጥን ማለት «ቁጥሩ ደርሶኛል፣ ሥዕሉ የለኝም» ማለት ነው። ጽሑፉ ደኅና ነው። ማተሚያ ቤቱ ፊደላቱን የያዘ ፎንት ሲጭን ሳጥኑ ወደ ፊደል ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ግን በአብዛኛው ፊደሉ በመንገድ ላይ ሞቷል ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ አንድ አሮጌ ፕሮግራም የማያውቀውን ቁጥር ሲያገኝ ጥሎት በምትኩ የጥያቄ ምልክቱን ቁጥር ጽፏል። ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ፎንት ቢጭኑ አይመለስም፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ምልክት ነውና። የሚያዋጣው የራስዎን ዋና ቅጂ እንደገና በሌላ መንገድ መላክ ብቻ ነው። ዋናውን ቅጂ አይሰርዙ።

ለምን አንዳንዱ ሳጥን፣ አንዳንዱ ጥያቄ ምልክት ሆነ? ፋይሉን ሳላይ እርግጠኛ አልሆንም፤ የብዙ ጊዜ ልምዴ የሚጠቁመኝ ግን ወደ 2021ዎቹ ፊደላት ነው። ፊደል በፋይል ሲቀመጥ ቁጥሩ ወደ ባይት ይተረጎማል፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ትንሽ ቁጥር ነው። ዛሬ አብዛኛው ዓለም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፤ ሀ ሦስት ይወስዳል፦ 225፣ 136፣ 128። ᎈም ⷈም ሦስት ሦስት ናቸው። የ2021ዎቹ ሲመጡ ግን መጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውስጥ ለ28 ፊደላት የሚሆን ምቹ ስፍራ ስላልተገኘላቸው ከ124,896 ጀምሮ ተሰጣቸው። ከእነሱ የመጀመሪያዋ ይህች ናት፦ 𞟠። የምትወስደው አራት ባይት ነው፦ 240፣ 158፣ 159፣ 160። ቆየት ያሉ ብዙ ፕሮግራሞችና የመረጃ ቋቶች ከሦስት ባይት በላይ ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር። አንዳንዱ አራት ባይት ሲያይ ጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉን እዚያው ላይ ይቆርጠዋል፤ ከዚያች ፊደል በኋላ ያለው ሁሉ፣ አማርኛውም ጭምር፣ ይጠፋል። ሌላው አንዷን ፊደል ሁለት አድርጎ ይቆጥራታል።

በዚህ ረገድ የረዱን ስሜት መግለጫዎቹ ትናንሽ ሥዕሎች ናቸው። ሰው በስልኩ የሚልከው የሳቅና የለቅሶ ሥዕል ሁሉ ማለት ይቻላል አራት ባይት ነው፤ ኩባንያዎቹ እሱን ለማስኬድ ሲሉ ፕሮግራማቸውን አስተካከሉ፣ የእኛም ፊደላት በዚያው በር ገቡ። አድላም የተባለው፣ ሁለት ወንድማማቾች በ1989 ጊኒ ውስጥ ለፉላኒ ቋንቋ የፈጠሩት ፊደልም በ2016 ዩኒኮድ ሲገባ የተመደበው በዚያው ሠፈር፣ ከ125,184 ጀምሮ ነው። እነሱም ይህንኑ ችግር ያውቁታል።

ከባይቱ የባሰ ግን ሰው የሠራው አጥር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስም መመዝገቢያ ቅጽ እንድፈትሽ ተጠይቄ ነበር። በአማርኛ ሲሞላ ያለ ችግር ይሠራል። አንድ ስም ᎀን ይዞ ሲመጣ ግን ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «እባክዎ ስምዎን በኢትዮጵያ ፊደል ብቻ ይጻፉ»። ኮዱን ከፍቼ ሳይ ፕሮግራመሩ «ከሀ እስከ ፐ» ብሎ ጽፎ ነበር። ᎀ 4992 ናት፤ ከፐ በኋላ ነው የምትመጣው። ሰውየው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ገበታው ፐ ላይ ያልቃል ብሎ ያምን ነበር፣ እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው። ኮድ የምትጽፉ አንባቢዎች ካላችሁ አደራ እላችኋለሁ፦ በእጃችሁ «ከዚህ እስከዚህ» ብላችሁ አትወስኑ። ብዙዎቹ ዘመናዊ የፕሮግራም ቋንቋዎች «ይህ ምልክት የግዕዝ ፊደል ነው?» ብለው የሚጠይቁበት የተዘጋጀ መንገድ አላቸው፤ የቅርብ ዕትሙ 523ቱንም ያውቃል። በፊደል ተራ የምታስቀምጡም ከሆነ በቁጥሩ አትደርድሩ፤ በቁጥር ከተደረደረ በⷀ የሚጀምር ስም ከቀ ጎን መሆኑ ቀርቶ ከፐም በታች ይወድቃል።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ሐሳብ እንምጣ። ያለው ነገር በቁጥር ሲገለጥ እንዲህ ነው፦ ዐ 4816 ናት፤ እኔ ፎንቱ ውስጥ ገብቼ የ4816ን ሥዕል አውጥቼ የⷈን ሥዕል እተካለሁ። እርስዎ ዐን ሲጫኑ ⷈ ትታያለች። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ግን አሁንም 4816 ነው። ያ ፎንት በሌለበት ቦታ ሁሉ፣ በተማሪው አባት ስልክ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሚከፍተው የልጅ ልጅዎ ኮምፒውተር ላይ፣ ዐ ሆኖ ይታያል። ሳጥን እንኳ ቢሆን ሰው «እዚህ አንድ ፊደል ጎድሏል» ይላል። እዚህ ግን የተሳሳተ ቃል ልክ መስሎ ይነበባል። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራምም «አ» ብሎ ያነበዋል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ በአማርኛ «ዐይን» ብለው ቢጽፉ ደግሞ እሱ ይበላሻል።

ይህን መንገድ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ራሳችን ሄደንበት ያየነው ነው። ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የፎንት ሠሪ ፊደላቱን ለሁለት ፎንት ከፍሎ፣ ወይም ቀንጠብጠብ አድርጎ እንደገና እየገጣጠመ፣ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ በራሱ ተራ ደረደራቸው። የአንዱ ሀ የሌላው ጸ ነበረች። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ያንን መንገድ የጠረጉት ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ አማርኛ በኮምፒውተር አይጻፍም ነበርና ውለታቸውን አልረሳም፤ በጊዜው ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ውጤቱን ግን በእጄ ይዤዋለሁ። አንድ አዛውንት የሠፈራቸውን ዕድር የአሥራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ በፍሎፒ ዲስክ ይዘው መጡ። ዲስኩ ደኅና ነበር፣ ፋይሎቹም ተከፈቱ። በማያው ላይ የመጣው ግን የላቲን ፊደል ከሥርዓተ ነጥብ ጋር የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ነበር። ፎንቱ ከየትኛው ሠሪ እንደነበር የሚያውቁት ጸሐፊ አርፈዋል። የታተመ አንድ ገጽ ስለተገኘ ከእሱ ጋር እያመሳከርኩ፣ ይህ ምልክት ይህ ፊደል ነው እያልኩ፣ ስድስት ሳምንት ሠራሁበት። ከገጾቹ አንዱ የሟቾች ስም ዝርዝር ነበር። ሦስት ስሞችን እስከ መጨረሻው ማረጋገጥ አልቻልኩም።

በመካከል አንድ መንገድ አለ፣ ወጣቱ ቢሰማ ደስ ይለኛል። ዩኒኮድ ከ57,344 እስከ 63,743 ያሉትን 6,400 ቁጥሮች ለማንም እንዳይሰጡ ከልሎ ትቷቸዋል፤ ሰው በግሉ እንዲጠቀምባቸው። ገና ቁጥር ያልተሰጠው ፊደል ያለው ሰው ለጊዜው እዚያ ማስቀመጥ ይችላል። ቢያንስ የማንንም ፊደል አይነጥቅም፣ ፎንቱ ከሌለም ሳጥን እንጂ የሐሰት ፊደል አያሳይም። ለእርስዎ ግን ይህም አያስፈልግም፤ የእርስዎ ፊደላት የራሳቸው ቁጥር አላቸው።

«ማን ይሰጣል?» ላሉት፣ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ክፍያ የለውም፤ መንግሥት መሆንም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሥርዓት የተጻፈ ማመልከቻ ነው፦ የእያንዳንዱ ፊደል ቅርጽ፣ ስም፣ ድምፅ፣ በፊደል ተራ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሥራ ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ማስረጃ። የታተመ መጽሐፍ ገጽ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የእጅ ጽሑፍ ይቀርባል። አንድ ሰው ትናንት የፈጠረው፣ ማኅበረሰቡ ያልጻፈበት ፊደል አይገባም። ማመልከቻው በባለሙያዎች ይመረመራል፣ ጥያቄ ይነሣበታል፣ ይስተካከላል፣ ሲጸድቅ ደግሞ ቀጣዩን ዕትም ይጠብቃል፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው። የግዕዝ ተጨማሪዎች ሲጠየቁ ዳንኤል ያዕቆብ ለዓመታት ከደከሙበት ሰዎች አንዱ ናቸው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ከ2002 ጀምሮ ለአነስተኛ ቋንቋዎች ይህን ማመልከቻ በማዘጋጀት የሚረዳ ፕሮጀክት አለ። የእርስዎ መጽሐፍ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ነገ ገና ያልተመዘገበ ፊደል ያለው ጎረቤት ቋንቋ ቢኖር፣ ቁጥር የሚያሰጠው እንዲህ ያለ የልጆች መጽሐፍ ነው።

ቁጥር ማግኘት ግን በር መከፈት እንጂ ቤት መግባት አይደለም። ቁጥሩ በ2021 ተሰጠ፤ ፎንት ሠሪው እስኪሥለው፣ ስልክ አምራቹ ፎንቱን እስኪያካትት፣ የቁልፍ ሰሌዳው እስኪሠራ ሌላ ዓመታት ያልፋሉ። አሮጌ ስልክ ጨርሶ ላያገኘው ይችላል። ለዚህ ነው በእርስዎ ማሽን ላይ የሚታየው በሌላው ላይ የማይታየው።

ለመጽሐፉ እንዲህ ያድርጉ። አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ ፎንት የቅርብ ዕትሙን ያውርዱ፤ አዲሶቹን የጉራጌ ፊደላት ጭምር ይዟል፤ ማሰራጨትም ስለሚፈቀድ ከፋይሉ ጋር አብረው ለማተሚያ ቤቱ ይላኩት። ለመጻፊያ ኪይማን የተባለው ነጻ ፕሮግራም በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ በርካታ ቋንቋዎች የቁልፍ ሰሌዳ አለው። የሚስማማዎት ከሌለ ሰሌዳ መሥሪያውም እዚያው በነጻ ይገኛል፤ ያንን ሥራ ለወጣቱ ይስጡት፣ ጉልበቱና ፍላጎቱ የሚውልበት ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ጽሑፉን ለማተሚያ ቤት ሲልኩ ሁለት ፋይል ይላኩ፦ አንደኛው ራሱ ጽሑፉ፣ ሁለተኛው ፎንቱ በውስጡ የታሸገበት ፒዲኤፍ፣ እንዴት መምሰል እንዳለበት ማመሳከሪያ እንዲሆን። በስልክ መልእክት ውስጥ ገልብጠው አይላኩ፤ በፋይል ይሁን። የገጽ አቀማመጥ የሚሠራው ሰው በአሮጌ ፎንት እንደገና ልተይበው ቢል እሺ አይበሉት።

ሙሉውን ከመላክዎ በፊት ደግሞ አንድ ገጽ ለብቻው አዘጋጅተው እነዚህን አራት መስመሮች ይጻፉበት፦ ነኰሰ፣ ᎀሰረ፣ ከᎈተ፣ 𞟠። ማተሚያ ቤቱ ያንን ገጽ በወረቀት አትሞ ያሳይዎ፤ በስክሪን አይበቃም። የመጀመሪያው ብቻ ከወጣ ፕሮግራማቸው ከ1999 አላለፈም። ሦስቱ ወጥተው አራተኛው ከቀረ የ2021ዎቹ ፊደላት ገና አልደረሷቸውም፤ ሳጥን ከሆነ ፎንት ይጫኑ፣ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ፕሮግራሙን ወይም ማተሚያ ቤቱን ይቀይሩ። አራቱም በወረቀቱ ላይ ከታዩ ተረቱን ይላኩ።